የሰርግ ጠዋት ፎቶ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ባትሪ ቻርጅ ማድረግ፣ ትርፍ ሜሞሪ መያዝ፣ የቤቱን አድራሻ በዋዜማው ማጣራት የሚባለውን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የማወራው ሙሽራው ከመምጣቱ በፊት ሙሽሪት ቤት ስለሚነሳው ፎቶ ነው። ካሜራ ማን ከሆናችሁ ለራሳችሁ አንብቡት። ከዚያ ለሙሽሪትና ለአንደኛ ሚዜዋ ላኩላቸው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከካሜራው አይደለም።

ችግር፦ የዝግጅት ፎቶ የለም

እኔ ጋ ሁሌ የሚመጣው ይሄ ነው። አልበሙ ሲከፈት ሙሽሪት በቢጎዲን ትታያለች፣ ቀጥሎ መኪና ውስጥ ናት። ቬሎ ስትለብስ የለም። እናቷ ሲያዩዋት የለም። ሚዜዎቹ አንድ ላይ የሉም። ከወር በኋላ ደውለው «የለበስኩበት የታለ?» ይላሉ። እህቴ፣ የለበስሽው ቆመሽ ነው፣ አራት ሰው እየጎተተሽ፣ ውጭ ክላክስ እየጮኸ፣ በሦስት ደቂቃ!

ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ሙሽሪት መጨረሻ ላይ ትሠራለች። «ሜካፔ ትኩስ እንዲሆን እኔ መጨረሻ ልሁን» ትላለች። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። እስቲ እናስላው። ሜካፕ ሠሪዋ አንድ፣ ሚዜዎቹ ስድስት። ለአንዷ 40 ደቂቃ ብንይዝ 4 ሰዓት ነው። የሙሽሪት ፀጉርና ሜካፕ 3 ሰዓት ይፈልጋል። በድምሩ 7 ሰዓት። ሙሽራው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከመጣ፣ ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ለቤተሰብና ለሚዜ ፎቶ፣ 45 ደቂቃ ደግሞ ለመልበስ እንቀንስ። ሜካፑ 2:15 ላይ ማለቅ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ከሌሊቱ 7:15 መጀመር ነበረበት። ማን ጀመረ? ማንም። 11 ሰዓት ላይ ነው የሚጀመረው፣ እሱም አንዷ ሚዜ ካላረፈደች።

መፍትሄው፦ ሙሽራው ከሚደርስበት ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ እንጂ ከምትነሱበት ሰዓት ወደ ፊት አትቁጠሩ። ሚዜዎቹ ከሦስት ከበለጡ ሁለተኛ ሜካፕ ሠሪ ያዙ፣ ወይም ሦስቱ እዚያው ሰፈራቸው ተሠርተው ይምጡ። ሙሽሪትን መሀል ላይ አስገቧት። ከእሷ በኋላ ሁለት ሚዜ ቢቀር ምንም አይደለም፣ ሚዜ መኪና ውስጥም ሊፕስቲክ ትቀባለች። ሜካፑ እንዳይፈዝ ከተሰጋ መነካኪያ 10 ደቂቃ መጨረሻ ላይ ያዙ፣ አለቀ።

ሳሎን ሄዶ መሠራት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። አንዷ ቦሌ ሳሎን ገባች፣ ቤቷ አያት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥር ውስጥ፣ መንገዱ በሰርግ መኪና ተሞልቷል። እኛ ባዶ ቬሎ እያነሳን ጠበቅናት። እሷና የሙሽራው አጃቢ እኩል ደረሱ። በጓሮ በር አስገብተናት፣ ፊት ለፊት የአክስቷ ልጆች «አናስገባም» እያሉ በሩን ያዙልን። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ያቺን ሩብ ሰዓት ያገኘነው በነሱ ነው። ከተቻለ ሠሪዋ ቤት ትምጣ። ዋጋው ይጨምራል፣ ይጨምር።

የሰዓት አጻጻፍም ተጠንቀቁ። ከዋሽንግተን የመጣች ሙሽራ ፕሮግራሙን አሳምራ አዘጋጅታ ለሁሉም ላከች፣ «ሜካፕ 7:00» ይላል። እሷ ማለዳ 1 ሰዓትን ነው ያለችው። ሠሪዋ ቀን 7 ሰዓት ብላ ተኝታለች። ከውጭ የመጣ ሰው ካለበት «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብላችሁ በፊደል ጻፉ፣ በዋዜማውም ደውሉ።

ተክሊል ከሆነ ስሌቱ በሙሉ ወደ ሌሊት ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያኑ የሚገባበትን ሰዓት ከቤተሰቡ ጠይቁ፣ አትገምቱ። ሙሽሪት ቆራቢ ስለሆነች በልታ አትወጣም፣ ስለዚህ እንዳትደክም ለረጅም ሰዓት አታቁሟት። ከዚያ ውጭ ላሉት ሙሽሮች ግን ቁርስ ከሜካፕ በፊት ነው። ሊፕስቲክ ከተቀባች በኋላ አክስቷ ፍርፍር ሊያጎርሷት ሲመጡ «እትዬ፣ ይቅር» የሚል ደፋር የለም።

ችግር፦ ፊቷ በአንድ በኩል ብጫ፣ በሌላው ሰማያዊ

በመስኮት የሚገባው ብርሃንና የጣሪያው አምፖል ተቀላቅለው ነው። አምፖሉን አጥፉት። ሙሽሪትን መስኮቱ አጠገብ አምጧት። ሰዎች «ጨለመ» ብለው ያበሩታል፣ ደግማችሁ አጥፉ። ጥር ላይ አዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው ከ12:45 አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የመስኮት ብርሃን አትጠብቁ። ፀሐይዋ በቀጥታ ከገባችና ከጠነከረች ነጠላ መስኮቱ ላይ ስቀሉ፣ ጥለቱ ብቻ ወደ ታች ይውረድ። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ከሆነ ራቁ፣ ፊት ላይ ያንጸባርቃል።

ሌሊት የምታነሱ ከሆነና ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ከመጣ፣ ርካሽ አምፖል ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን (የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት) 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ አድርጉት።

ችግር፦ በፍላሽ ፊቷ ነጭ፣ አንገቷ ጠይም

ካሜራው አይደለም። ወይ ፋውንዴሽኑ ከቆዳዋ ይነጣል፣ ወይ ፓውደሩ ፍላሽ ይመልሳል። በመስታወት አይታይም። ለሙከራ ስትሠራ ጨለማ ክፍል ገብታ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ ትነሳ። ሙከራ የማይሠራ ሠሪ አትያዙ፣ አትያዙ።

ችግር፦ ቬሎው አልዘጋ አለ

የኪራይ ቬሎ! ስንት ወገብ የዞረ ዚፕ በሰርጓ ጠዋት ይፈነዳል። ስትወስዱት እላይ ድረስ ዘግታችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ተነስታችሁ ሞክሩት። ነጭ ክር፣ መርፌና ትልልቅ ስፒል ይኑራችሁ። ቁልፉ ጥቃቅን ከሆነ ኪሮሽ ያዙ፣ ጥፍር የተተከለላት ሚዜ በጣቷ አትቆልፈውም። ከኋላ በገመድ የሚታሰር ከሆነ ደግሞ አንዷ ሚዜ ቀድማ ትለማመደው።

ችግር፦ ክፍሉ ገበያ ይመስላል

ፌስታል፣ ሻንጣ፣ የተበላበት ሳህን፣ ቻርጀር፣ አልጋው ላይ የተኛ ሕፃን። በዋዜማው አንድ ክፍል ባዶ ይደረግ፣ ቁልፉ አንደኛ ሚዜዋ ጋ ይሁን። ቬሎውን ከላስቲኩ አውጥታችሁ ጥሩ መስቀያ ላይ ስቀሉት፣ ምስማር ላይ አይደለም።

የቀሩትን በአጭሩ። ቀለበቱ ብዙ ጊዜ የሙሽራው ሚዜ ጋ ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ካሜራ ማን ያንሳው። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ የፀጉር መተኮሻው ሥራ በጊዜ ይለቅ። ሽቶና ጫማ ማታውኑ አንድ ሳጥን ውስጥ ይግቡ። የጥሪ ካርድ ደግሞ ለፎቶ አንድ ፍሬ አስቀሩ፣ ሁሉም ተበትኖ በሰርጉ ጠዋት ከጎረቤት ስንለምን እንውላለን።