ማንትልን ከመክሰሳችሁ በፊት፦ የባህር ወለል ባዛልት ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ይዞ መጣ። ናሙናው ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከካርልስበርግ ሸንተረር (የባህር ወለሉ እየተከፈተ አዲስ ቅርፊት ከሚሠራበት) የወጣ ባዛልት ነው። የስትሮንቲየም 87 ለ86 ንጽጽሩ፣ ማለትም የድንጋዩን ምንጭ እንደ አሻራ የሚያሳየው የሁለት አይሶቶፖች ጥምርታ፣ 0.7041 ወጥቶለታል። በዚያች ቁጥር ላይ ተነሥቶ «ከሸንተረሩ ሥር የበለጸገ ማንትል አለ» የሚል አሥራ ሁለት ገጽ ጽፏል። ማንትል ከቅርፊቱ በታች ያለው የምድር ክፍል ነው፤ «የበለጸገ» የሚባለው ደግሞ እንደ ሩቢዲየም ያሉ ወደ ቅልጥ ቶሎ የሚሮጡ ንጥረ ነገሮች ሲበዙበት ነው።

«ድንጋዩን አሳየኝ» አልኩት። ቦርሳው ውስጥ ነበር። ጠርዙ ብርቱካናማ ሆኗል። ቀዳዳዎቹ በነጭ ነገር ተደፍነዋል። በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ።

«ግን እኮ ቲቸር፣ ማሽኑ በትክክል ነው የለካው» አለኝ።

ማሽኑማ ልክ ነው። የለካው ግን የባህር ውሃን ነው! በዚህ ዓመት ብቻ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲመጣልኝ አራተኛው ነው። ስለዚህ አንዴ ልናገረውና ይውጣልኝ።

የባህር ውሃ የስትሮንቲየም ንጽጽር 0.7092 ነው። ትኩስ የሸንተረር ባዛልት ግን 0.7025 እና 0.703 አካባቢ ነው የሚገኘው። ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ሚሊዮን ዓመት ሲቀመጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከውሃው ፖታሲየም፣ ሩቢዲየም፣ ሲዚየምና ዩራኒየም ይወስዳል፤ ስትሮንቲየም ይለዋወጣል። ሁሉም የሚሄዱት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ግራፉ ላይ «የበለጸገ ማንትል» መስሎ ይወጣል። ኒዮዲሚየም ግን ባህር ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል መጠን የለውም። ስለዚህ ስትሮንቲየሙ ወደ ላይ ሲሸሽ የኒዮዲሚየሙ 143 ለ144 ንጽጽር 0.5131 አካባቢ ንቅንቅ ካላለ፣ ሌባው ውሃው ነው። የልጁ ኒዮዲሚየም ንቅንቅ አላለም። ሠንጠረዡ ላይ እዚያው አጠገቡ ተጽፏል፤ አላየውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ላቫው በረዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ውሃ ሲነካው ቆዳው ወዲያው ወደ መስታወት ይለወጣል። ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ሴንቲ ሜትር ነው። እሱን ቀረፍ አድርጋችሁ ማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ምስር ልቀሙት። ጥቁርና የሚያብረቀርቀውን ያዙ፤ ቢጫና ቡናማውን ጣሉ። መስታወት ካጣችሁ ዱቄቱን በትኩስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጠቡና ከዚያ ለኩ። ልጁ አጥቦ ሲለካ 0.7029 ወጣለት። አሥራ ሁለቱ ገጽ ወደ ሁለት ወረደ።

አሁን የራሴን ላውራ። ተማሪ ሳለሁ የናዮቢየምና የታንታለም ንጽጽሬ ከሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ ወጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ አዲስ የማንትል ዓይነት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አማካሪዬ ግራፉን አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «በምን ፈጨኸው?» በተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ነበር የፈጨሁት። ያ ወፍጮ ተንግስተንና ኮባልት ብቻ ሳይሆን ታንታለምም ይለቃል። ያገኘሁት የወፍጮውን ኬሚስትሪ ነበር። ናሙናዎቹን በሙሉ አጌት ከሚባል ጠንካራ ድንጋይ በተሠራ ወፍጮ እንደ አዲስ ፈጨሁ። አጌት ቀርፋፋ ነው፤ ትከሻ ይጨርሳል፤ ግን አይዋሽም።

ማንትል ቅልጥ ነው የሚል ተማሪም አሁንም ይመጣል። ማንትል ጠጣር ነው። ፔሪዶታይት የሚባል፣ ኦሊቪን የበዛበት ድንጋይ ነው። ሸንተረሩ ሥር የሚቀልጠው ከታች እሳት ስለተጨመረለት ሳይሆን ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከጅቡቲ ባነሰ ሙቀት እንደሚፈላው ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም። በአማካይ ከመቶ አሥር እጅ ገደማው ይቀልጣል፤ ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው የውቅያኖስ ቅርፊት የሚሠራው ከዚያው ነው።

ማንትሉ «የተሟጠጠ» ነው ሲባል ደግሞ ባዶ የሚመስላቸው አሉ። ቡና አስቡ። አቦሉን አህጉራት ጠጥተውታል፤ ወደ ቅልጡ ቶሎ የሚሮጡትን እነ ባሪየም፣ ቶሪየም፣ ላንታነም ይዘው ሄደዋል። የሸንተረር ባዛልት ከዚያው አተላ የተፈላ ቶና ነው። ማግኒዚየሙና ብረቱ ግን እዚያው ሞልቷል። የጠፋው ቶሎ የሚወጣው ብቻ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ሁለተኛው ስህተት ላቫን ከማንትል በቀጥታ እንደመጣ ቅልጥ መቁጠር ነው። ጎበዝ! በመንገድ ላይ መጋዘን አለ። ቅልጡ እዚያ ይቀዘቅዛል፤ መጀመሪያ ኦሊቪን፣ ከዚያ ፕላጅዮክሌዝ የሚባሉ ማዕድናት ይጥላል። ከማንትል ኦሊቪን ጋር የሚስማማ ቅልጥ የማግኒዚየም ቁጥሩ (ከማግኒዚየምና ከብረት ድምር የማግኒዚየሙ ድርሻ ከመቶ) 70 አካባቢ መሆን አለበት፤ የሸንተረር ላቫዎች ግን አብዛኞቹ በ50ዎቹና በ60ዎቹ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ሸንተረር ሶዲየም ከሌላው ጋር እንዲሁ አታወዳድሩ። ተመራማሪዎቹ ክላይንና ላንግሙየር በ1987 እንደ ፈረንጆቹ ያደረጉት ይህንኑ ማስተካከል ነው። ሁሉንም ማግኒዚየም ኦክሳይዱ 8 በመቶ ወደሚሆንበት ነጥብ መለሱት። ያኔ ሥርዓቱ ታየ። በአይስላንድ ሰሜን ያለው ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነው የኮልቤይንሴይ ሸንተረር ሶዲየሙ ዝቅተኛ ነው፤ ብዙ ቀልጧልና ሶዲየሙ ቀጥኗል። በካሪቢያን ያለው ጥልቁ የካይማን ሸንተረር ሶዲየሙ ከፍተኛ ነው፤ ጥቂት ነው የቀለጠው። ይህ ሁሉ ባልተስተካከለ ቁጥር ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

የማግኒዚየም ቁጥር የሚሰላው በሞል ነው፣ በክብደት አይደለም። 7.6 ማግኒዚየም ኦክሳይድና 9.9 ፌረስ ኦክሳይድ ያለው ናሙና በሞል 58 ይሆናል፣ በክብደት 43። ላብራቶሪው ብረቱን በሙሉ ፌሪክ ኦክሳይድ አድርጎ ከሰጣችሁ መጀመሪያ በ0.9 አባዙት።

ዩሮፒየሙ ከጎረቤቶቹ፣ ማለትም ሬር ኧርዝ ከሚባሉት እንደ ላንታነም ካሉ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች፣ ከፍ ብሎ ከታየ ፕላጅዮክሌዝ ዩሮፒየም ይሰበስባልና፣ ስለ ማንትል ከማውራታችሁ በፊት ድንጋዩ ውስጥ የተከማቸ ነጭ ፕላጅዮክሌዝ መኖሩን በሌንስ እዩ።

በመጨረሻ የእኛ አገር ስህተት። «አፋር ውቅያኖስ እየተወለደበት ነው፤ ስለዚህ የኤርታሌ ላቫ የውቅያኖስ ወለል ባዛልት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በየረቂቁ አገኛለሁ። ገብቶኛል፤ በመስከረም 2005 እንደ ፈረንጆቹ ዳባሁ ላይ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰነጠቅ እኔም እንደናንተው ነው ልቤ የዘለለው። ኬሚስትሪው ግን ገና አልደረሰም። የኤርታሌ ባዛልት ቀላሎቹ ሬር ኧርዞች ከተራው የሸንተረር ባዛልት ይልቅ በዝተውበታል። ተራው የሸንተረር ባዛልት የሂሊየም 3 ለ4 ንጽጽሩ ከአየሩ 8 እጥፍ ገደማ ሲሆን አፋር ውስጥ እስከ 19 ገደማ ተለክቷል፤ ይህ የፕሉም፣ ማለትም ከጥልቅ ማንትል ወደ ላይ የሚወጣ ትኩስ ዓምድ፣ ምልክት ነው። ሂሊየሙን ግን ኦሊቪን ውስጥ ከታመቀው ጋዝ ለኩት፤ ላቫው ሜዳ ላይ ሲፈስ አብዛኛው ጋዝ በንኖ ይሄዳል።

አፋር ላይ ቅልጡ የሚያልፈው በወፍራም ቅርፊት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ናዮቢየምን ለዩራኒየም አካፍሉ። የሸንተረርም የውቅያኖስ ደሴትም ባዛልት 47 አካባቢ ነው፤ አህጉራዊ ቅርፊት ከ10 አያልፍም ማለት ይቻላል። የእናንተ 25 ከሆነ ቅርፊቱን ሳትመረምሩ ፕሉም የምትለውን ቃል አትጻፏት።