ትልቅ ቴሌቪዥን በትንሽ ብር ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

እቁብ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታሰበው ቴሌቪዥን የሆነበት ቤት ጎንደር ውስጥ ብዙ ነው። ደስ ይላል። ግን ያ ብር የስንት ወር ልፋት ነው። ፒያሳ ወጥቶ በስክሪኑ ስፋት ብቻ ተማርኮ የሚከፍል ሰው ሳይ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

ከሁሉም የሚብሰው ያለውን ብር በሙሉ ለቴሌቪዥኑ መክፈል ነው። 55 ኢንች ይገዛና ለስታብላይዘር፣ ማለትም የመብራቱን ኃይል ለሚያመጣጥነው ዕቃ፣ የሚሆን ብር ይጠፋል። የእኛን ከተማ መብራት ታውቁታላችሁ፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እና ያኔ ነው የቴሌቪዥኑ ቦርድ የሚቃጠለው። ተራ ዲቫይደር ላይ መሰካት ከዚህ አያድንም። እኔን ብትጠይቁኝ ከ55 ይልቅ 50 ገዝቶ በተረፈው ጥሩ ስታብላይዘር መጨመር ይሻላል። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ንቀሉት፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ድረስ አትሰኩት። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ግን ስታብላይዘርም አያስጥልም። የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ ንቀሉ። ብዙ ሰው የዲሹን ይረሳዋል፣ መብረቁ ግን በእሱም በኩል ገብቶ ሪሲቨሩንም ቴሌቪዥኑንም ሊያቃጥል ይችላል።

ቤቱን ሳይለኩ መግዛትም አለ። ኢንቹ የሚለካው ከስክሪኑ ጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። 43 ኢንች 109 ሴንቲ ሜትር፣ 50 ኢንች 127፣ 55 ኢንች 140፣ 65 ኢንች 165 ገደማ መሆን አለበት። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የሚበራውን ክፍል ብቻ ለኩ፣ ፍሬሙን አትቁጠሩ። ስሙ የማይታወቅ ዕቃ ላይ ካርቶኑ የሚለውና ስክሪኑ ላይገናኙ ይችላሉ። ከዚያ ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት አስቡ። ለ50 ኢንች 2 ሜትር አካባቢ፣ ለ55 ደግሞ 2 ሜትር ከ20 ያህል ይመቻል። ማራኪ ወይም አዘዞ ሰፈር አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ 65 መስቀል ዓይን ያደክማል፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ጣቢያ ሲከፈት ደግሞ ምስሉ ፈዞ ይታያል።

ቡፌውንም ለኩት። የብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች እግር ጫፍና ጫፍ ላይ ነው፣ የ55 ወርድ ደግሞ ከ120 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። አጭር ቡፌ ላይ አይቆምም። ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ የምትሉ ደግሞ ቤቱ የጭቃ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ቡሎኑ ይነቀላል።

አሁን ወደ ካርቶኑ ጽሑፍ። "4ኬ" የሚል ስላያችሁ ብቻ 4ኬ ነው ብላችሁ አትመኑ። አንዳንዱ 4ኬ ቪዲዮ ይቀበላል እንጂ ስክሪኑ ራሱ 4ኬ አይደለም። የምትጠይቁት "የፓነሉ ሬዞሉሽን ስንት ነው?" ብላችሁ ነው፣ ማለትም ስክሪኑ ራሱ በወርድና በቁመት ስንት ነጥብ አለው። 3840 በ2160 ከሆነ እውነተኛ 4ኬ ነው። 1920 በ1080 ፉል ኤችዲ ነው። 1366 በ768 ከሆነ ለትልቅ ስክሪን አይሆንም፣ ተዉት። እንደ እኔ እስከ 43 ኢንች ድረስ፣ በተለይ የምታዩት በዲሽ የሚመጣውን ብቻ ከሆነ፣ ፉል ኤችዲ ይበቃል። ከ50 ጀምሮ ግን 4ኬ ውሰዱ። ኪውኤልኢዲ የሚለውም አያስደንግጣችሁ፣ ያው ኤልሲዲ ሆኖ ቀለሙን የሚያደምቅ ንጣፍ የተጨመረበት ነው። ኦኤልኢዲ ግን ሌላ ዓይነት ስክሪን ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

ሱቅ ውስጥ በሚታየው ምስል መወሰንም ያታልላል። እዚያ የሚከፈተው አበባና ባሕር የሚያሳይ የተመረጠ ቪዲዮ ነው፣ ቀለሙም እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። በዚያ ቪዲዮ የትኛውም ቴሌቪዥን ያምራል። እናንተ የምታዩትን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ድሮ የተቀዳ የፋሲል ከነማ ጨዋታም ቢሆን። ኳሱ ሲሮጥ ጭራ ያወጣል? ሜዳው ላይ ጥቁር ደመና የመሰለ ነገር አለ? ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ቀይ ፎቶም አብራችሁ ጫኑና ክፈቷቸው። የሞተ ነጥብ፣ ማለትም ቀለሙን የማይቀይር ነጥብ፣ ካለ ወዲያው ይታያል። ከጎን ሆናችሁም እዩት፣ ምክንያቱም የእኛ ቤት ሰው በዙሪያው ነው የሚቀመጠው፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የሚጠፋ ከሆነ እንግዳ ለሚበዛበት ቤት አይሆንም። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ አለ።

"ስማርት ነው" ተብሎ ብር መጨመር ላይ ደግሞ ቆም በሉ። ርካሹ ስማርት ብዙ ጊዜ ራሙ 1 ጊጋባይት ነው፣ ዩቲዩብ ለመክፈት እንኳ ያንቀራፍፋል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ አፖቹን ማደስ ያቆማል። ስክሪኑ ጥሩ ከሆነ ስማርቱን በኋላ በኤችዲኤምአይ በሚሰካ ትንሽ ቦክስ መጨመር ትችላላችሁ፤ መጥፎ ስክሪንን ግን በኋላ የሚያስተካክለው ነገር የለም። የዳታውንም ነገር አስቡ፣ በ4ኬ አንድ ሰዓት ማየት 7 ጊጋባይት ያህል ሊበላ ይችላል።

ከአዲስ አበባ መርካቶ ይረክሳል ብላችሁ የምታስመጡም አላችሁ። ሊረክስ ይችላል። ግን መንገዱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዕቃው ደግሞ መስታወት ነው። ማጓጓዣውን ደምሩበት። ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ እንዲጫን አድርጉ፣ ላዩ ላይ ሌላ ዕቃ እንዳይደረብበትም አደራ። ስክሪን ከተሰነጠቀ ዋስትና ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም፣ ማስቀየሪያው ደግሞ አዲስ ከመግዛት ብዙም አይተናነስም። ዋስትናው የት እንደሚሠራም ጠይቁ። ቢበላሽ እዚሁ ጎንደር የሚጠግነው አለ ወይስ ተመልሶ አዲስ አበባ መሄድ አለበት? የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እኔ እዚሁ፣ ነገ ሄጄ ከማናግረው ሰው ነው የምገዛው።

ደረሰኙ ላይ የሞዴሉና የሴሪያል ቁጥሩ መጻፉን አረጋግጡ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም ከሚታየው ጋር አመሳክሩት። ስሙ የታወቀ ብራንድ ሆኖ ውስጡ ሌላ ከሆነ እዚያው ሊታወቅ ይችላል። ካርቶኑንና ስፖንጁን ዋስትናው እስኪያልቅ አትጣሉ፣ ለጥገና መላክ ቢመጣ የሚጓዘው በዚያው ነው።