ለዴይኬር ክፍያ የመንግሥት እርዳታ አለ፤ አሁኑኑ አመልክቱ

እኔና ባለቤቴ ዲሲ አካባቢ እንደገባን ልጃችንን የምንቀባበለው ፓርኪንግ ላይ ነበር። ከሌሊት ሥራ ስመለስ እሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ አስታቅፎኝ ይሄዳል። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን። «በዲቪ የመጣ ሰው 5 ዓመት ሳይሞላው ከመንግሥት ምንም አያገኝም» ተብለን ነበራ!

ለዴይኬር ግን ይህ አይሠራም። የሚታየው የልጁ ወረቀት ነው እንጂ የወላጅ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 5 ዓመት አይጠብቅም። አሳይለም እየጠበቃችሁ እዚህ የወለዳችሁም ለልጃችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ልጁ ዜጋ ነው።

ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥትም ከስቴትም ይመጣል፤ የሚያከፋፍለው ስቴቱ ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ሰብሲዲ (ድጎማ) ይሉታል። ሜሪላንድ ስኮላርሺፕ ይለዋል፤ የኮሌጅ እንዳይመስላችሁ። ልጁ ከ13 ዓመት በታች መሆን አለበት። እናትም አባትም ሥራ፣ ትምህርት ወይም ሥልጠና ላይ መሆን አለባቸው። የገቢው ጣሪያ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ «እኛ አናልፍም» ብላችሁ በግምት አትተዉት። ተራ መጠበቅ ካለም ተመዝገቡ፤ ያልተመዘገበ ተራ አይደርሰውም።

የልጁን የልደት ወረቀት፣ ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት)፣ የቤት ኪራይ ውልና የሥራ ሰዓታችሁን የሚያሳይ ደብዳቤ አዘጋጁ። ኡበር የምትነዱ ደግሞ የታክስ ወረቀታችሁን ያዙ። ሲፈቀድላችሁ መንግሥት ለዴይኬሩ ይከፍላል፤ እናንተ ድርሻችሁን ትጨምራላችሁ።

አንዴ ከተፈቀደ ቢያንስ 12 ወር ይቆያል። ከዚያ ማደስ ነው። እኔ የእድሳቱን ደብዳቤ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ቀላቅዬ ፍሪጅ ላይ ረሳሁት። ልጄ ሦስት ሳምንት ቤት ዋለች፤ እኔም ከሥራ ቀረሁ። አደራ፣ ፖስታችሁን በየቀኑ ክፈቱ።

በብዙ ስቴት አያት ወይም አክስት ልጁን ብትጠብቅም መስፈርቱን ካሟላች ይከፈላታል። ለጉብኝት የመጣች እናት ግን የሥራ ፈቃድ ስለሌላት አይሆንም። ልጃችሁ 3 ዓመት ከሞላው ሄድ ስታርት የሚባለውን የመንግሥት የቅድመ ትምህርት ፕሮግራምም ጠይቁ፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች በነፃ ነው። ዲሲ ለምትኖሩ ደግሞ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች የመንግሥት ፕሪኬ (ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት ያለ ትምህርት) ለሁሉም ነፃ ነው።

ቢሮ ስትሄዱ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። አትክፈሉበት፤ ነፃ ነው። ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ለዚህ ራሱን የቻለ ሕግ አለ። ቃሉ ሳይገባችሁ ምንም አትፈርሙ።