የከተማ ዳርቻ ባቡር ሲቆም ተሳፋሪውን በአውቶቡስ ለማስቀጠል

ነዋሪዎቿ በየማለዳው በባቡር ወደ ትልቁ ከተማ ለሥራ የሚሄዱባት አነስተኛ ከተማ ባቡሩን በአውቶቡስ ለመተካት ስትወስን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ የባቡሩን የጊዜ ሰሌዳ ገልብጦ ለአውቶቡሱ መስጠት ነው። ይህ አነሳስ ስህተት ነው። አውቶቡስ በመንገድ መጨናነቅ የሚሸነፍ፣ በምልልስ ብዛትና ወደ ሰፈር በመቅረብ ግን የሚያሸንፍ መጓጓዣ ስለሆነ፣ የባቡሩን ሰሌዳ የወረሰ አውቶቡስ ድክመቱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ሥራው ከቆጠራ ይጀምራል፤ የሚቆጠረውም መቀመጫው ሳይሆን በእያንዳንዱ ጣቢያ የሚሳፈረውና የሚወርደው ሰው ነው። አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎ ወደ 140 መቀመጫ ስለሚኖረው፣ አራት ፉርጎ ያለውን ባቡር 55 ሰው በሚይዝ አውቶቡስ ለመተካት ከ10 በላይ አውቶቡስ የሚያስፈልግ ይመስላል፤ ባቡሩ በተጨባጭ የሚጭነው 200 ሰው ከሆነ ግን አራት አውቶቡስ ይበቃል። ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ታይቷል። ከሚኒያፖሊስ እስከ ቢግ ሌክ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የኖርዝስታር ባቡር እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በ2019 ከ700,000 በላይ የነበረው ዓመታዊ ጉዞ ከወረርሽኙ በኋላ በ2022 ከ100,000 በታች ወርዶ፣ በጥር 2026 መጀመሪያ ባቡሩ በአውቶቡስ ተተክቷል። እንዲህ ባለው ሁኔታ የቀሩትን ተሳፋሪዎች ብቻ መቁጠር አይበቃም። ባቡሩን የተዉትም መጠየቅ አለባቸው፤ ብዙዎቹ ከቢሮ የሚሠሩት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ከዚያ በኋላ እነዚያን አራት አውቶቡሶች ባቡሩ በሚነሣበት ሰዓት አሰልፎ መስደድ ሳይሆን፣ በየ15 ደቂቃው ማሰማራት ይገባል። ባቡር ያመለጠው ሰው ቀጣዩን ሲጠብቅ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያጣ ነበር፤ አሁን ግን ከ15 ደቂቃ በላይ አይጠብቅም። ለእኔ የዚህ ለውጥ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ባዶ ይሄዳል ተብሎ ቢፈራም፣ በቀኑ አጋማሽ የሚመለስ አውቶቡስ ፈጽሞ መቅረት የለበትም። ልጁ ትምህርት ቤት ታሞበት እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ያጣ ወላጅ በማግስቱ በመኪናው ይሄዳል፤ ስለዚህ የቀትሩ አውቶቡስ ዋጋ በጫነው ሰው ብቻ ሳይሆን በማለዳው አውቶቡስ ላይ ባቆየው ሰውም ሊለካ ይገባል።

የጉዞው ርዝመት በሰሌዳው ላይ ሲጻፍ አማካዩን መውሰድ ያታልላል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለብዙ ሳምንታት ተለክቶ፣ ከአሥር ቀን በዘጠኙ የማይታለፈው ጊዜ ሊጻፍ ይገባል። አንድ አውቶቡስ ሁሉንም የቀድሞ ጣቢያዎች እንዲዳስስ ማድረግም ጊዜ ይበላል፤ ከፈጣን መንገድ በወጣና በተመለሰ ቁጥር በርካታ ደቂቃ ያልቃልና። ሰው በበዛባቸው ጣቢያዎች ከየመኪና ማቆሚያው በቀጥታ ወደ መሐል ከተማ የሚሄድ የየራሱ መስመር መስጠት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ አስቸጋሪው ለአውቶቡሱ ከመጨናነቅ የሚያመልጥበትን መንገድ ማግኘት ነው። በሚኒያፖሊስ አካባቢ ተሽከርካሪዎች ከ56 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ሲጓዙ አውቶቡሶች ለብልሽት መቆሚያ በተተወው የመንገድ ጠርዝ እንዲያልፉ ይፈቀዳል፤ ሆኖም ከአጠገባቸው ካለው ትራፊክ በ24 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሚበልጥ ፍጥነት አይነዱም። ኒው ጀርሲን ከኒው ዮርክ በሚያገናኘው የሊንከን ዋሻ መዳረሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ 4 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር በማለዳ ከተቃራኒው አቅጣጫ ተወስዶ ለአውቶቡስ ብቻ ይሰጣል። ሁለቱም አሠራሮች ከመንገዱ ባለቤት መሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ ንግግሩ ባቡሩ ከመቆሙ ብዙ ወራት ቀድሞ ሊጀመር ይገባል።

በባቡር የነበረ መጸዳጃ በአውቶቡስ ላይኖር ስለሚችል በመነሻው ጣቢያ ያለው ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች እያንዳንዱን ፌርማታ አስቀድመው ራሳቸው ይሞክሩት። በአውቶቡስ ፊት የሚገጠመው የብስክሌት መስቀያ ብዙውን ጊዜ ከሦስት በላይ ስለማይዝ፣ በጣቢያው የሚቆለፍ የብስክሌት ማስቀመጫ መሥራት የተሻለ ነው።

ሽግግሩ በአንድ ሌሊት መሆን የለበትም። ባቡሩ ገና እየሠራ ለጥቂት ሳምንታት አውቶቡሱ ጎን ለጎን ቢሄድ፣ አሽከርካሪዎቹ መንገዱን ይለምዳሉ፣ የሰሌዳው ስህተትም ተሳፋሪ ሳይጉላላ ይታረማል። በዚህ ጊዜ ወርሃዊ የባቡር ትኬት ያለ ተጨማሪ ክፍያ በአውቶቡሱም ሊያገለግል ይገባል።

ስለ ሀዲዱ መሬት መቸኮል አያስፈልግም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2011 ሱናሚ የተጎዳው የኬሰንኑማ መስመር ከፊሉ በቀጣዩ ዓመት በአውቶቡስ ሲተካ፣ ሀዲዱ የነበረበት መሬት በየደረጃው አስፋልት ለብሶ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ሆኗል። መሬቱ በቁራጭ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር። መስመሩ በማዕከላዊ መንግሥት ገንዘብ የተሠራ ከሆነም ውሉ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ገንዘብ ማስመለስን ሊያዝ ስለሚችል፣ ባቡሩ የሚቆምበት ቀን ከመታወጁ በፊት በሕግ ባለሙያ ይመርመር።