ወርድ ያልጠየቃችሁትን መስመርና ቁጥር ሲጨምርባችሁ

ድሬዳዋ ከዚራ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ውል፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በማይክሮሶፍት ወርድ ስተይብ ነው የምውለው። ደንበኛ ከጀርባ ቆሞ «ይቺን መስመር አጥፊያት እንጂ» ሲል፣ መስመሯም አልጠፋም ስትል የድሬ ሙቀት እጥፍ ይሆናል።

መስመሯ የምትመጣው ለፊርማ ቦታ ብላችሁ በባዶ መስመር ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰረዝ ወይም አንደርስኮር መትታችሁ ኢንተር ስትጫኑ ነው። ወርድ ገጹን ከዳር ዳር የሚያቋርጥ ቦርደር፣ ማለትም የአንቀጽ ጠርዝ መስመር ያደርገዋል። ፊደል ስላልሆነ ባክስፔስ ብትደበድቡም አይሰማም። እዚያው ካያችሁት ኮንትሮል ዜድ አንዴ በቂ ነው፤ የመታችሁት ሰረዝ ይመለሳል። ከቆየ ግን ከርሰሩን ከመስመሩ በላይ ባለው አንቀጽ ላይ አድርጉና ሆም ላይ ካለው የቦርደር ምልክት «ኖ ቦርደር»ን ምረጡ።

ለዘለቄታው ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ እያላችሁ ግቡና «አውቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» የሚለውን ታብ ክፈቱ። «ቦርደር ላይንስ» ላይ ያለውን ራይት አንሱ። የሃይፐርሊንኩንም አንሱት፤ ሲቪ ላይ ኢሜይል ሰማያዊ ሆኖ፣ ከሥሩ ተሰምሮ ሲታተም አቦ አያምርም። ማስተካከያው ፋይሉን ተከትሎ አይሄድም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጡ እንደገና ነው።

«አውቶማቲክ ነምበርድ ሊስትስ»፣ ማለትም ወርድ ራሱ ተራ ቁጥር የሚሰጥበት፣ ግን እንደ ሥራው ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይቆይ። ለውል አጥፉት፤ እኔ በዚህ አልደራደርም። የቤት ኪራይ ውል እየተየባችሁ ነው እንበል። 3 ላይ ስለ ጥገና፣ 4 ላይ ስለ ኪራይ መክፈያ ቀን፣ 5 ላይ ስለ ውሃና መብራት ተጽፏል፤ ታች ደግሞ «በተራ ቁጥር 4 የተመለከተውን ያላከበረ ተከራይ ቅጣት ይከፍላል» ይላል። ተዋዋዮቹ ተስማምተው «ጥገናውን አውጪው» አሉ። ስታወጡት ወርድ የቀረውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ መክፈያ ቀኑ 3፣ ውሃና መብራቱ 4 ይሆናል። ታች በእጅ የተጻፈው 4 ግን ንቅንቅ አይልም። አሁን ተከራዩ የሚቀጣው በመብራት ነው! ሁለቱም ሳያዩት ይፈርማሉ።

ሌላ ሰው ጽፎት የመጣ ውል በአውቶማቲክ ቁጥር ከሆነ፣ ሳትነኩት ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ አዲስ ፋይል ላይ «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» ብላችሁ ለጥፉት። ቁጥሮቹ ተራ ጽሑፍ ሆነው ባሉበት ይቀራሉ። ቦልዱና ሰንጠረዡ ስለሚጠፋ እሱን መልሳችሁ ትሠራላችሁ፤ የአንድ ገጽ ውል ከሆነ ብዙም አያደክምም።