ኢንሱሊን ከብልቃጥ እስከ ቆዳ፦ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚወጋ

እናቴ ኢንሱሊን በጀመረችበት ሰሞን የምወጋት እኔ ነበርኩ። ከሐኪም ቤት ይዘን የወጣነው በወረቀት የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው፤ ጠዋት ይህን ያህል፣ ማታ ይህን ያህል። ወራት አለፉ፤ ስኳሯ አልወርድ እያለ መጠኑ ይጨመርላት ጀመር። ችግሩ ግን ከመጠኑ ሳይሆን ከእጄ ነበር።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። እንደ እንክብል ቢዋጥ ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋ ተፈጭቶ ይቀራል፤ በመርፌ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ሙቀትም ያበላሸዋል፣ በረዶም ያበላሸዋል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው የማቀዝቀዣ ክፍል ይቀመጥ፤ በረዶ ቤቱን ግን አይንካ። አንዴ በረዶ ከሠራ ቢሟሟም ይጣል። የተከፈተው ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ በተለይ በቆላ፣ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላትና በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ይረዳል። ብልቃጡ እንዳይርስ በላስቲክ ይቋጠር፣ አሸዋው ሲደርቅም ውኃ ይጨመርበት።

አሁን ወደ መርፌው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ብልቃጡ ላይ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የሚል ከሆነ ሲሪንጁም የ100 መሆኑን ያረጋግጡ። ኢንሱሊን ጥርት ያለም ድፍርስም አለ፤ ድፍርሱን በሁለት መዳፍዎ መካከል 10 ጊዜ ያንከባልሉ፣ 10 ጊዜም ይገልብጡ፤ እንደ ወተት አንድ ወጥ እስኪሆን። አይናጥ። ጓል ከቀረበት ወይም ጠርሙሱ ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ከተጣበቀ አይጠቀሙበት። እኔ ሳላንከባልል ነበር የምቀዳው፤ አንድ ቀን ቀጭኑን፣ ሌላ ቀን ወፍራሙን ስሰጣት ኖሬአለሁ።

ሐኪሙ ጥርት ያለውን አጭር ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊንና ድፍርሱን በአንድ ሲሪንጅ ካዘዘ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ለምሳሌ 6 ዩኒት ጥርት ያለ፣ 14 ዩኒት ድፍርስ ይሁን። 14 ዩኒት አየር ድፍርሱ ውስጥ ያስገቡና መርፌውን ባዶውን ያውጡ። 6 ዩኒት አየር ጥርት ያለው ውስጥ አስገብተው 6 ዩኒት ይቅዱ፤ አረፋ ካለ አሁኑኑ መልሰው ያውጡት። ከዚያ ከድፍርሱ 20 ላይ እስኪደርስ ይሳቡ። ካለፈ ሁሉንም ደፍተው እንደገና ይጀምሩ፤ ወደ ብልቃጡ አይመልሱ። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ጥርት ያለ ኢንሱሊን ግን ከሌላ ጋር አይቀላቀልም።

የሚወጋው ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ላይ ነው፤ ሆድ ላይ ከእምብርት ቢያንስ ሁለት ጣት ርቆ፣ ወይም ጭን ላይ። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገው ይውጉ፣ መድኃኒቱን ቀስ ብለው ይግፉ፣ እስከ 10 ቆጥረው መርፌውን ይንቀሉ። ቦታውን በየጊዜው በአንድ ጣት ያህል ያራርቁ። እናቴ ከእምብርቷ በስተግራ የባቄላ ያህል እብጠት ነበራት። ቦታው ስለማያማት «እዚያው ውጋኝ ልጄ» ትለኝ ነበር፤ እኔም እሺ እላት ነበር። እንዲህ ካለ እብጠት መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው አንዴ ዘግይቶ፣ አንዴ ጎድሎ ነው። ወደ ጤነኛ ቆዳ ሲዛወሩ ደግሞ ያው መጠን በድንገት ሊበረታ ስለሚችል አስቀድመው ለሐኪም ይንገሩ።

አጭር ጊዜ የሚሠራውን ከወሰዱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ምግብ ይቅረብ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ስኳር ወርዷል ማለት ነው፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ይድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ጾም ሊይዙ ከሆነ መጠኑ ሊቀየር ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ያነጋግሩ። ጠበል የሚሄድም ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ፤ እለምናችኋለሁ። በአንደኛው ዓይነት ስኳር፣ ማለትም ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን በማያመርትበት በሽታ፣ የተያዘ ሰው መርፌውን ቢያቋርጥ በቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ያገለገለ መርፌ ክዳን ባለው የበረኪና ጠርሙስ ይጠራቀም፤ ሊሞላ ሲል ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።