የተነሳ ስቲከር ጀርባው ይናገራል፦ መኪናና ጀልባ ላይ የሚለጠፍ የስፖንሰር ጽሑፍ ችግርና መፍትሄ

ስቲከር ተላቀቀብኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወደቀውን ፊደል መንገድ ላይ ጥሎ መኪናውን ብቻ ይዞ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ግን የወደቀውን ነው። አይሱዙም ሆነ ሚኒባስ፣ ባጃጅም ሆነ የሐይቅ ጀልባ፣ ጥፋቱ የሚታየው ፊደሉ ጀርባ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ፕሎተር (ስቲከር የሚቆርጥ ማሽን) ላለውና መለጠፍ ለለመደ ሰው ስለሆነ፣ ምላጭ ስለመቀየርና በሳሙና ውሃ ስለመለጠፍ አልተርክም።

ጀርባውን ስትገለብጥ ከአራት ነገር አንዱን ታያለህ። ሙጫው ዱቄት ለብሷል። ወይም ቀለም ይዞ ተነስቷል። ወይም ሙጫው መኪናው ላይ ቀርቶ ፕላስቲኩ ብቻ እጅህ ላይ አለ። ወይም ደግሞ ጀርባው ልክ እንደ አዲስ ንጹህ ነው፣ ጣትህንም ይይዛል። ዓመት ሙሉ የሚያሠራኝ ይሄ የመጨረሻው ስለሆነ፣ ሌሎቹን በቶሎ ልጨርሳቸው።

ጀርባው ዱቄት ከለበሰ

ፀሐይ የበላው ቀለም ነው። በመዳፍህ አበስ ስታደርገው ነጭ ይወጣል። ሙጫው የያዘው ዱቄቱን እንጂ መኪናውን አይደለም። ጤነኛው ቀለም እስኪወጣ በፖሊሽ ፈትገው፣ ከዚያ የፖሊሹን ቅባት ራሱን አጥበህ አውጣው። ሁለተኛውን ሥራ ከዘለልከው አንዱን ችግር በሌላ ለወጥክ ማለት ነው።

ቀለም ይዞ ከተነሳ

ከጋራዥ ትናንት የወጣ መኪና ነው። ባለቤቱ ቀለሙ በእጅ ሲነካ ስለደረቀ ያለቀ ይመስለዋል። ውስጡ ያለው ቲነር ግን ገና እየወጣ ነው፤ ስቲከሩ ሲከድነው መውጫ ያጣና በሁለት በሦስት ቀን ፊደሉ መሃል ላይ ጉብ ጉብ ያለ አረፋ ይሠራል። በመርፌ ብትበሳው በማግስቱ ሌላ ይወጣል። በአየር ብቻ የደረቀ ቀለም ቢያንስ ሦስት ሳምንት ስጠው። ስቱኮው ላይ በችኮላ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ሦስት ወርም አያድነውም። ለመፈተሽ ቀለሙ ላይ የወረቀት ፕላስተር አጥብቀህ ለጥፈህ በአንዴ ንቀለው፤ ቀለም ይዞ ከመጣ ሥራውን አትቀበል። «ቦሎ ልወጣ ነው፣ ዛሬ ካልሆነ» ይሉሃል። አትቀበል።

ሙጫው መኪናው ላይ ከቀረ

ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ተጨፍልቆ የተሳበው ፕላስቲክና ፈሳሹ ፈስሶ የተሠራው ፕላስቲክ ጥቅል ላይ ሳሉ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ሲሠራ የተሳበውን ስለማይረሳ ፀሐይ ሲመታው ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ፊደሉ ዙሪያ ጥቁር የሙጫ መስመር የምታየው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ስስ ነው፣ 50 ማይክሮን አካባቢ፤ ዋጋው ይጎዳል፣ ግን ባለበት ይቀመጣል። ለጠፍጣፋ በር ርካሹ ሊበቃ ይችላል። ለአይሱዙ ስፖንዳ ወጣ ገባ፣ ለሚኒባስ ኮፈን፣ ብሎን ለበዛበት ቦታ ግን አይሆንም። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ነጋዴ ካጋጠመህ፣ ከጥቅሉ ቁራጭ ለምነህ የራስህ ብረት በር ላይ ለጥፈህ ሁለት ሳምንት ፀሐይ አስመታው።

ጀርባው ንጹህ ከሆነ

እዚህ ላይ እንቀመጥ።

ሙጫው ደህና ነው፣ ፕላስቲኩ ደህና ነው፣ ቀለሙም ደህና ነው። ታዲያ ለምን ተነሳ? ከሥሩ ዓይን የማያየው ቅባት አለ። በእኛ አገር ይህ ቅባት ሦስት ስም አለው፦ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ እና ጎማ ማብረቂያ።

አንድ ጊዜ ለኳስ ውድድር የሚሄድ ቡድን ሚኒባስ ላይ የስፖንሰር ስም እንድንለጥፍ ኮምቦልቻ ተጠራን። ለጠፍን፣ በአራተኛው ቀን የጎኑ ጽሑፍ ግማሹ ተገለበጠ። ዕቃው ነው ብዬ ሌላ ጥቅል አመጣሁ። በሳምንቱ ደገመ። አሁን ሙጫውን ረገምኩ፣ አብሮኝ የሚለጥፈውን ልጅ «አልገፋኸውም» ብዬ ተቆጣሁ፣ ደንበኛው ደግሞ እኔን። ለሦስተኛ ጊዜ ስንወርድ መንገዱ ስለቀናን ከቀጠሮው ሰዓት ቀድመን ደረስን። ረዳቱ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዞ የሚኒባሱን ጎን ያብሳል። «ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት። «አብሽር ጋሼ፣ እናንተ ልትለጥፉ ስለሆነ አሳምሬ እየጠበቅኋችሁ ነው!» አለኝ። ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ አድርጎ ነበር። መኪናው እንደ መስታወት ያበራል፣ እኛም «እንዴት ያለ ንጹህ መኪና ነው» ብለን በሳሙና ለይስሙላ ብቻ አልፈነው ነበር። ልጁን ምን እለዋለሁ? ክብር ነው የሰጠን።

ከዚያ ወዲህ የሚያበራ መኪና እፈራለሁ። የቆሸሸ ይሻላል፤ ቢያንስ ቆሻሻው ይታያል።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ጽሑፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ንጹህ ውሃ አፍስስ። ውሃው እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ከወረደ ንጹህ ነው። ተሰብስቦ ጠብ ጠብ እያለ ክብ ከሠራ ቅባት አለ፣ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ሁሉንም ቦታ ፈትሽ፤ በተለይ ከጎማው በላይ ያለውን፣ ምክንያቱም ላቫጆ ላይ ጎማውን ሲያበሩ ስፕሬዩ ወደ ላይ ይበናል። ጎማ ማብረቂያው ሲሊኮን ያለበት ከሆነ ከናፍጣም ይከፋል፤ በአንድ መጥረግ አይለቅም፣ ጨርቁ ራሱ ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል።

አጠራረጉ ቅደም ተከተል አለው፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ ሳሙናና ውሃ፣ በደንብ፣ ከዚያ ማለቅለቅ። ሬንጅ ካለ በቤንዚን አንሳው፤ ግን ቤንዚን መጨረሻ አይደለም! ቤንዚን ጠርገው ወዲያው የሚለጥፉ አሉ፤ ከማደያ የተቀዳ ቤንዚን ሲተን የራሱን ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ነጭ ጋዝማ ጭራሽ። ስለዚህ ከቤንዚን በኋላ እንደገና ሳሙና፣ እንደገና ውሃ፣ ከደረቀ በኋላ አልኮል። የአልኮሉ አጠራረግ በሁለት ጨርቅ ነው፦ በራሰው እየጠረግህ፣ ሳይተን በደረቁ ተከተለው። በአንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን አሟሟተህ መልሰህ ቀባኸው እንጂ አላነሳኸውም። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይር። በልብስ ማለስለሻ የታጠበ ፎጣ አታምጣ። ለእጅ የሚሆነው ሳኒታይዘር አልኮል ነው ብለህ እንዳትጠቀም፤ ቆዳ እንዳይደርቅ የተጨመረበት ነገር አለው፣ እሱ ራሱ ቅባት ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው አልኮል ይበቃል።

አልኮሉ ሳይተን ፎን (ሙቅ አየር የሚነፋውን) አታብራ። አልኮልና ቤንዚን የራሰ ጨርቅ ፎኑ አጠገብ አታስቀምጥ። ሲጋራ የሚያጨስ ሾፌር ካለ ራቅ ብሎ ይቁም።

ቦታው አንዴ ከተጠረገ በባዶ እጅ አትንካው። ደረጃውን በመዳፍህ ተደግፈህ የምትለካ ከሆነ፣ አምስት ጣትህን ከፊደሉ ሥር ቀብረህ ሄድክ።

ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም

ጀርባው ንጹህ ሆኖ ውሃውም በደንብ ከተዘረጋ፣ የቀረው ብርድ ነው። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብረት ስትነካ ጣትህ ይደነዝዛል። ሙጫው ከ10 ዲግሪ በታች ይጠነክራል፣ ቀለሙ ውስጥ ሰርጎ አይቀመጥም፤ ላዩን ይዞ የተለጠፈ ይመስልና ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ነፋስ ከጠርዙ ይገባበታል። መለካት ያለብህ ደግሞ የአየሩን ሳይሆን የብረቱን ሙቀት ነው፣ ጥላ ያደረበት ጎን ከአየሩም ሊቀዘቅዝ ይችላል። እኔ ከአራት ሰዓት በፊት ደሴ ውስጥ አልለጥፍም። ቀጠሮው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ብረቱን በፎን አሞቃለሁ፣ ካልሆነም «ኮምቦልቻ እንገናኝ» እላለሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደህ ከብዙ ጣጣ ትድናለህ። በክረምት ጉም የገባበት ቀን ደግሞ አልኮል የጠረግኸው ቦታ ላይ እርጥበት ተመልሶ ያርፋል፤ ቤት ውስጥ አስገባው ወይ ተወው።

ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ፤ ላቫጆ ሳምንት ይቆይ። ከዚያም በኋላ የውሃውን አፍንጫ ከ30 ሳንቲ ሜትር አታስጠጋው፣ ከጠርዝ በኩልም አታስገባው። ይህን ለሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ለረዳቱ ንገር። የሚያጥበው እሱ ነው።

ፊደሉ ራሱ ሲያጠፋ

አንዳንዴ የሚነሳው ሁሌ ያው ፊደል ነው። ያኔ ጽዳቱን ተወውና ቅርጹን እይ። የእኛ ፊደል ስስ እግርና ትንንሽ ቀለበት ይበዛዋል፤ የ«ሬ» ቀለበት፣ የ«ቸ» ጭራ፣ የ«ኋ» መጨረሻ። ከ3 ሚሊ ሜትር የቀጠነ እግር ላይ የሚይዝ ሙጫ የለም። ጽሑፉን በምታዘጋጅበት ፕሮግራም፣ ኮረል ላይ አወፍረው፣ ሹል ማዕዘኑን ትንሽ ክብ አድርገው፤ ሹል ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ይነሳል። የቃል መለያውን ሁለት ነጥብ እኔ መኪና ላይ አልቆርጥም፣ ክፍተት ይበቃል።

ደንበኛው የላከው ጽሑፍ በላቲን ምልክት ተዘበራርቆ ከተከፈተ በድሮ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ነው። እንደገና ጻፈው፣ አስነብበውም። «የገመትኩት ይሄን ነው» ብሎ የስፖንሰር ስም የሚቆርጥ ሰው ድጋሚውን ከኪሱ ይከፍላል።

ጀልባ ከመጣ

ሐይቅ ላይ ለሽርሽር የሚሠራ የፋይበር ጀልባ አጋጥሞኝ ያውቃል። አዲስ ፋይበር ከቅርጹ እንዲላቀቅ ሰም ተቀብቶበት ነው የሚወጣው፤ ያ ሰም ካልወጣ ስቲከር አንድ ቀን አይቆይም። የውሃው ምርመራ እዚህም ይሠራል። እኔ ግን በብርጭቆ ወረቀት ላፋው ብዬ አንጸባራቂውን ልባስ አደበዘዝኩት፣ ባለቤቱም ዋጋውን ቆረጠብኝ፣ ተገቢ ነው። ሰም በሰም ማስለቀቂያ ነው የሚወጣው። ጽሑፉ ደግሞ ጀልባው ተጭኖ ሲቆም ውሃ ከሚደርስበት መስመር በላይ ይሁን፤ ባዶውን አይተህ ከለካህ ግማሹ ፊደል ሲዋኝ ይኖራል።

በውጭ የውድድር ሸራ ጀልባ ላይ የሚሠሩ ሰዎችም የሚሟገቱት ከዚሁ ሰም ጋር ነው። እነሱ ላይ የሚጨመረው የቦታ ጉዳይ ነው፤ በዓለም አቀፉ የማስታወቂያ ደንብ መሠረት ከፊት ጫፉ ጀምሮ የጀልባው አካል ርዝመት 20 በመቶ ለውድድሩ አዘጋጅ ሊያዝ ስለሚችል፣ የጀልባው ስፖንሰር ከዚያ ወደ ኋላ ይለጠፋል። ሸራው ላይ የመኪና ስቲከር አይሆንም፣ ሸራው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ራሱ ሙጫ ያለው የፖሊስተር ጨርቅ ነው የሚቆረጠው። የድንኳን ሸራ ላይ ስም ጻፍልኝ የሚሉህም ካሉ ይህን አስብ።

ትርፍራፊ

ከኋላ መስታወት ውስጥ የሚለጠፍ ጽሑፍ ተገልብጦ ይቆረጣል። ታትሞ ያልተሸፈነ ፎቶ ከነጣ ከመተካት በቀር መዳኛ የለውም። በውሃ ለጥፈህ ከሥሩ ነጭ ደመና ከታየ ያልወጣ ውሃ ነው፤ ጥቂት ከሆነ ፀሐይ ላይ ይጠፋል።

ስቲከሩን መኪናው ላይ አስቀምጠህ በምላጭ አትቁረጥ። ቀለሙን ቀደህ ብረቱን ከፍተሃል፣ በክረምት ዝገት በዚያው መስመር ይወጣል።

የተነሳ ጠርዝን በሱፐር ግሉ የሚያጣብቅ ሰው ካየህ ምላጩን ከእጁ ቀማው። ስትነቅለው ቀለሙ አብሮ ይመጣል። ጠርዙ አቧራ ካልጠጣ በፎን አሙቀህ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ፕላስቲክ ግፋው። አቧራ ከጠጣ ያ ፊደል አልቋል፦ አሙቀው፣ ወደ ራሱ አጥፈህ በዝግታ ሳበው፣ የቀረውን ሙጫ በነጭ ጋዝ አርሰህ አንሳ። ቲነር አትንካ፤ ጋራዥ የተቀባ ቀለም በቲነር ይቀልጣል። ነጭ ጋዙን ስትጨርስ ደግሞ ከሳሙናው ጀምር።